ከልጇ ውሳኔ ጎን የቆመች አያት

አያትነት በእኛ አገር ከጥንት ጀምሮ ከፍ ያለ መቀመጫ ያለው ማዕረግ ነው። ሴት ልጅ ስትወልድ ምን እንደምትበላ፣ መቼ ከቤት እንደምትወጣ፣ ሕፃኑ መቼ እንደሚታጠብና ማን እንደሚያቅፈው የሚወሰነው በእናቷ ቃል ነበር። እኔም ልጆቼን የወለድኩት በእናቴ ትእዛዝ ሥር ነው፤ ስላደረገችልኝ ሁሉ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ተራው ደርሶኝ የልጅ ልጆች ለማየት ስበቃ ግን መቀመጫው እንዳለ ቢሆንም፣ በላዩ የተቀመጠችው ሴት የሚጠበቅባት ሥራ እጅግ መለወጡን ተረዳሁ። የሕፃኑን አስተዳደግ የሚወስኑት ወላጆቹ ናቸው። የእኔ ዕድሜና ቃል የሚፈለገው ያንን ውሳኔ ለመሻር ሳይሆን ለመጠበቅ ነው። ይህን የምለው ተሸንፌ ወይም ዘመኑ አስገድዶኝ አይደለም፤ ትክክለኛው የአያት ድርሻ ይህ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ ከባለቤቷና ከልጇ ጋር አዲስ አበባ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ወንዱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው። እኔ ለብዙ ዓመታት አስተምሬ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጥቻለሁ። የአዲስ አበባዋን የልጅ ልጄን አዝዬና አባብዬ አሳድጌያታለሁ፤ የሜሪላንዶቹን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የማገኛቸው በስልክ ነው።

ልጄ የወለደች ሰሞን ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ የእኔ ታላላቆች ነበሩ፤ የሰፈር እናቶች፣ የማኅበር እህቶች፣ የባለቤቴ አክስቶች። ገና ሕፃኗን እንዳዩ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ቅቤ ቀመሰች ወይ?» ለጋ ቅቤ ለአራስ ሕፃን ማዋጥ በብዙ አካባቢ የኖረ ልማድ ነው፤ አንጀት ያለሰልሳል፣ ሆድ ያጸዳል ይባላል። የተቀቀለ የአብሽ ውሃ ወይም በስኳር የጣፈጠ ውሃ የሚያቀምሱም አሉ። ልጄ ግን በእርግዝናዋ ወቅት ከሐኪሟ ጋር ተመካክራ፣ ሕፃኗ ስድስት ወር እስኪሞላት ከእናት ጡት ወተት በቀር ምንም እንደማትቀምስ ወስና ነበር። ይህ የዓለም ጤና ድርጅትም፣ የእኛው ጤና ጣቢያዎችም የሚመክሩት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሕፃኑ ሌላ ነገር በቀመሰ ቁጥር ጡት የሚጠባው ይቀንሳል፣ ጡት የሚጠባው ሲቀንስ ደግሞ የእናቱ ወተት ይቀንሳል። ውሃውና ማንኪያው ይዘውት የሚመጡት ጀርም ገና ላልጠነከረ አንጀት አደገኛ ነው።

ወጣት እናት ይህንን ሁሉ ብታውቅም በታላላቆቿ ፊት ለመናገር አቅም ያጥራታል። አራስ ናት፣ ደክማለች፣ እንግዶቹን ታከብራቸዋለች፤ «እምቢ» ብትል ባለጌ መባል አለ። ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። የእኔ ዕድሜ ጥቅም ላይ የዋለው እዚያ ላይ ነው። አንዲት የማከብራቸው ትልቅ ሴት «ኧረ ልጄ፣ ጉሮሮዋ ሳይርስ ልታደርቋት ነው?» ሲሉኝ፣ «እትዬ፣ ልጄና ሐኪሟ ተማክረው የጨረሱት ነው፤ እኔም አምኜበታለሁ፤ ይልቅስ ገንፎውን ይቅመሱልኝ» አልኳቸው። ቃሉን ልጄ ብትናገረው ክርክር ይሆን ነበር፤ እኔ ስናገረው ግን ጉዳዩ እዚያው አበቃ። ሽበቴን አይቶ የሚከራከረኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ያስጨነቃትን ነገር ሁሉ በግልጽ ትነግረኝ ጀመር፤ ሕፃኗ ከንፈሯና እጇ ላይ እንዳትሳም፣ ጉንፋን የያዘው ሰው እንዳያቅፋት፣ ሌሊት ያላንቀላፋችው እናት ከሰዓት በኋላ ሰው ሳይገባባት እንድትተኛ። ሁሉንም በር ላይ ቆሜ ያስፈጸምኩት እኔ ነኝ።

ይህን ስል የቀድሞዎቹን እናቶች እየነቀፍኩ አይደለም። የእነርሱ ልማድ ከምን እንደ መጣ ስለማውቅ እጅግ አከብራቸዋለሁ። የሴት አያቴ ከወለደቻቸው ልጆች ብዙዎቹን ቀብራለች። በዚያ ትውልድ ቤት ውስጥ ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚባል ልጅ የማይታጣው ለዚህ ነው፤ ከእርሱ በፊት የሄደ ነበረ። ክታቡም፣ ቅቤውም፣ ጭሱም ልጅ እንዳይሞት የተደረገ የእናት ትግል ነው፤ ሌላ መሣሪያ አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። 59 አሁንም ብዙ እናት ያለቀሰችበት ቁጥር ነው። ሆኖም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የመጣው ለውጥ፣ እኔ ከእናቴና ከአያቴ የተለየች አያት እንድሆን ያስቻለኝ ዋነኛ ነገር ነው። ልጅ ይሞታል ብላ የማትሰጋ አያት ትእዛዟን ማላላት ትችላለች።

እናቴም ቢሆን በጊዜዋ ዘመናዊ አያት ነበረች። ፊደል የቆጠረችው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ጉልምስናዋ ላይ ነው። የክትባት ፕሮግራም በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ሲሆን፣ እኔ በፈረቃ ሳስተምር የመጀመሪያ ልጄን አዝላ ጤና ጣቢያ የምትሰለፈው እርሷ ነበረች። ካርዱ ላይ የተጻፈውን የቀጠሮ ቀን ራሷ አንብባ ማስታወሷ ያኮራት ነበር። ያኔ ክትባቱ የሚከላከለው ስድስት በሽታዎችን ነበር። የልጅ ልጄ ካርድ ላይ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የሳንባ ምች ክትባትና በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የሮታ ቫይረስ ክትባት ተጨምረዋል። ካርዱን ባየሁ ቁጥር እናቴ ብታየው ምን ያህል ደስ ይላት ነበር እላለሁ።

አያት መላላት የሌለባት፣ ይልቁንም በሩን ፈጽማ መዝጋት ያለባት ጉዳይ ደግሞ አለ። እንጥል ማስቆረጥ፣ የግግ ማስነቀል፣ ሴት ልጅ ማስገረዝ፤ እነዚህ ሁሉ በየቤቱ የተፈጸሙት በአብዛኛው በአያት አሳሳቢነት ነው። እናት ብታመነታ አያት ትወስን ነበር፤ ቆራጯን የምታስጠራውም፣ ሕፃኗን የምትይዘውም እርሷ ነበረች። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሚሆናቸው ሴቶች 65 በመቶ የተገረዙ ሲሆኑ፣ ከ15 ዓመት በታች ካሉት ልጃገረዶች ግን 16 በመቶ ገደማ ናቸው። በእርግጥ ገና ያልደረሰባቸው ትናንሽ ልጆች በዚህ ቁጥር ውስጥ አሉበት፤ ቢሆንም ልዩነቱ ብዙ ነገር ይናገራል። ከዚህ ቁጥር ጀርባ ሕግ አለ፣ ትምህርት አለ፤ በየቤቱ ደግሞ «በእኔ የልጅ ልጅ አይሆንም» ያለች አንዲት አሮጊት አለች። የእርሷን ስም ማንም አልመዘገበውም። ስለ ዘመናዊ አያት ሲወራ ስልክ መነካካቷና ሱሪ መልበሷ ብቻ ሲነሳ የማዝነው ለዚህ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ዘመናዊነት ይህኛው ነበር።

ከድሮው ምንም ሳይነካ የቀጠለም ብዙ አለ። የአራስ ገንፎ በለጋ ቅቤ፣ አጥሚቱ፣ አራሷ ከእሳትና ከውሃ ርቃ መቀመጧ፣ ሴቷ ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና መነሳቷ። የወለደች ሴትን ለሳምንታት እያበሉና እያሳረፉ ማስታመም ሌላው ዓለም ዛሬ እንደ አዲስ የሚመኘው እውቀት ነው። ጠዋት ጠዋት ሕፃኗን ፀሐይ ሳሞቃት እናቴ ስታደርገው ያየሁትን ነው የማደርገው፤ ሜሪላንድ ያሉት የልጅ ልጆቼ ደግሞ ለዚያው ጉዳይ በየቀኑ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ይሰጣቸው ነበር።

ወደ ሥራው ጉዳይ ልምጣ፤ ዛሬ የአያት ሕይወት በዋነኛነት የሚለካው በእርሱ ነውና። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት 30 ቀን ቅድመ ወሊድና 90 ቀን ድኅረ ወሊድ ፈቃድ ይሰጣል። ከእርሱ በፊት ድኅረ ወሊዱ 60 ቀን ብቻ ስለነበር፣ የተጨመረው አንድ ወር ትልቅ ነገር ነው። አባት የሚያገኘው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። እንግዲህ አስሉት፤ ሕፃኗ ሦስት ወር ሲሞላት እናቷ ቢሮ ትገባለች፣ ጡት ብቻ መጥባት ያለባት ግን እስከ ስድስት ወር ነው። በመካከል ያለውን ጊዜ ማን ይሸፍነዋል? የሕፃናት ማቆያ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ የልጄ መሥሪያ ቤት ግን የለውም። የታመነች ሞግዚት ማግኘት ከባድ ነው፤ ብታገኝም ጥቂት ቆይታ ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች፤ የራሷን ሕይወት ልታቃና ነውና አይፈረድባትም። የቀረችው አያት ናት። በዚህ ከተማ ውስጥ ስንት መሐንዲስ፣ ስንት የባንክ ሠራተኛ፣ ስንት ነርስ ሥራዋ ላይ የቆየችው እናቷ ጠዋት ታክሲ ተሳፍራ ስለመጣችላት ነው! ይህ ጉልበት ደመወዝ የለውም፣ በየትኛውም መዝገብ አይሰፍርም፤ ቢቋረጥ ግን ስንት ቢሮ ባዶ እንደሚሆን ማሰብ ይቻላል።

ልጄ ሌሊት ያለበችውን ወተት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀኑን ጽፋ ታስቀምጥልኛለች። እኔም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስቼ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ጀሞ እደርሳለሁ። ወተቱን ለብ ባለ ውሃ አሙቄ በትንሽ ኩባያ ማጠጣትን የተማርኩት ከጤና ጣቢያ ነርስ ነው። ነርሷ በዕድሜ የልጄ እኩያ ብትሆንም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስማር አንዳች ያነሰብኝ ነገር አልነበረም።

ሆኖም ሥራውን የጀመርኩት በዝምታ ሳይሆን በንግግር ነው። ልጄንና ባለቤቷን አስቀምጬ የትኞቹን ቀናት እንደምመጣ፣ የትኞቹን እንደማልመጣ፣ ስንት ሰዓት ላይ ወደ ቤቴ መመለስ እንዳለብኝ ነገርኳቸው። እድር አለኝ፣ የማርያም ማኅበር አለኝ፣ የደም ግፊት ክትትል አለኝ፤ ከጓደኞቼ ጋር ጠዋት የምንሄደው የእግር መንገድ አለኝ። በቀሩት ቀናት ባለቤቷ የሥራ ሰዓቱን አስተካክሎ፣ የእርሱም እናት ተጨምረው ተሸፈነ። ይህንን ለሌሎች እናቶች ስናገር የሚደነግጡ አሉ፤ ለገዛ ልጅ ሰዓት ይቆረጣል ወይ ይሉኛል። እኔ ግን ጉልበታቸው እያለቀ፣ ወገባቸው እየተቆረጠ፣ «ደከመኝ» ማለት ነውር መስሏቸው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሕፃን የሚሸከሙ ሴቶችን አውቃለሁ። በመጨረሻ ድካሙ ቅሬታ ይሆናል፤ ቅሬታው ለልጅም ለልጅ ልጅም ይተርፋል። መጀመሪያውኑ የተነጋገሩበት ሥራ ግን በፍቅር ይሠራል። ሰው ጡረታ የሚወጣው ሕይወቱን ለሌላ ሰው አስረክቦ ለመቀመጥ አይደለም፤ አያትም ሰው ናት።

ኮንዶሚኒየሙ ራሱ የአያትን ሥራ አክብዶታል። ልጆቼን ባሳደግኩበት ሰፈር ግቢውም ጎረቤቱም የጋራ ነበር፤ ልጅ ከቤት ቢወጣ የሚገሥጸው፣ የሚያበላው፣ እንቅፋት ሲመታው የሚያነሳው ሰው ነበረ። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን በር ይዘጋል። ልጅ ብቻዋን ደረጃ አትወርድም፤ ታች ያለው ቦታ መኪና ማቆሚያ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ጎረቤት ይሠራው የነበረውን ሥራ የምትሠራው አንዲት አያት ሆናለች። እኔ በበኩሌ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄን ይዤ እወርዳለሁ፤ ከሌሎች አያቶችና ሞግዚቶች ጋር አንድ ጥላ ሥር እንቀመጣለን። አሁን አሁን ልጆቹ ይተዋወቃሉ፣ ይጠራራሉ። ትንሽ ሰፈር ሊወጣው ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሜሪላንድ የሄድኩት የልጄ ሚስት ስትወልድ ለማረስ ነው። ሕግጋቱ ገና ከአዲስ አበባ ሳልነሳ ጀመሩ፤ ምራቴ በትሕትና፣ «እማዬ፣ ከመምጣትሽ በፊት የትክትክ ክትባት ብትወስጂልን» አለችኝ። እዚያ ሐኪሞች አራስ ሕፃን የሚያቅፉ አያቶች ሁሉ እንዲከተቡ ይመክራሉ። ሕፃኑ በጀርባው ብቻ፣ በራሱ አልጋ፣ ትራስና ለስላሳ ብርድ ልብስ ሳይኖር ነው የሚተኛው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ምክር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በዘመቻ ከተሰራጨ ወዲህ ሕፃናትን በእንቅልፋቸው በድንገት የሚነጥቀው ሞት ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ልጆቼን ሁሉ ብብቴ ውስጥ አስተኝቼ ላሳደግኩ ለእኔ ሕፃን ለብቻው ተኝቶ ማየት ከብዶኝ ነበር፤ ምክንያቱን ከሰማሁ በኋላ ግን አንድም ሌሊት አልተከራከርኩም። ከባዱ ነገር ሌላ ነበር። በዚያ አገር ያለው የፌዴራል ሕግ የሚፈቅደው 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ነው፤ እርሱም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች ለሚሠሩ። ምራቴ ገና ሰውነቷ ሳይጠግን ስለ ቤት ኪራይ ታሰላ ነበር። ገንፎ ሳገነፋላት፣ ወገቧን ሳሽላት፣ ያንን ሁሉ የሚያደርግላት ሰው የሌላቸውን አራሶች አስብ ነበር። በዚያች አገር የእኔ ድርሻ ሕፃኑ ሳይሆን እናቱ መሆኗን የተረዳሁት ያኔ ነው።

ከተመለስኩ በኋላ የቀረልን ስልክ ነው። በእኛና በእነርሱ መካከል ሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ልዩነት አለ፤ እነርሱ ማታ ከሥራ ሲገቡ እኛ እኩለ ሌሊት አልፎናል። ስለዚህ ቅዳሜ እነርሱ ቁርስ በልተው ሲጨርሱ፣ እኔ ዘንድ ከቀኑ 11 ወይም 12 ሰዓት ሲሆን እንገናኛለን። ሕፃናት ስክሪን እንዳያዩ ወላጆቹ በጣም ይጠነቀቃሉ፤ ልክም ናቸው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ18 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪንን ሲከለክል፣ ከቤተሰብ ጋር በቪዲዮ መነጋገርን ለይቶ ፈቅዷል። ልጄ ይህን ሲነግረኝ እንዴት እንደተደሰትኩ መግለጽ አልችልም።

በስልክ አያት መሆን ዝግጅት ይጠይቃል። «ደህና ነህ? በላህ? ተማርክ?» ተብሎ ሦስት ጥያቄ ሲጠየቅ ሕፃን ይሰለቻል፤ ስልኩን ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ የማሳየው ነገር አዘጋጃለሁ። አንድ ቅዳሜ እንጀራ ስጋግር ዓይኑ ሲወጣ ያያሉ፤ ሌላ ጊዜ ዶሮዎቹን፤ መስከረም ላይ አደይ አበባና ደመራ። ከዚያ «ተረት ተረት» እላለሁ፤ ታላቁ «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት አሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ልጆች» እያሉ ተረት የነገሩን አባባ ተስፋዬ፣ ያልዳሰሷቸውን ልጆች በመስታወት ውስጥ ሆነው እንዴት እንደሚይዟቸው ያውቁ ነበር። እኔም ስልኩ ፊት ስቀመጥ የእርሳቸውን ድምፅ፣ ዝግታና ፈገግታ አስባለሁ። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ቢመልሱልኝ አልቆጣም፤ እንደገባቸው ካወቅኩ በአማርኛ እቀጥላለሁ። «አማርኛ አትችልም እንዴ?» የሚል አያት ልጁን ከቋንቋው ያሸሸዋል።

የልጅ ልጆቼን ፎቶ ወላጆቻቸውን ሳላስፈቅድ ፌስቡክ ላይ አልለጥፍም። ጓደኞቼ ይህን እንደ ማጋነን ያዩታል፤ ነገር ግን ልጆቹ አድገው ስለ ራሳቸው የሚወስኑበት ቀን ይመጣል፤ እስከዚያ የሚወስኑላቸው እናትና አባታቸው ናቸው። በቁንጥጫና በበርበሬ ጭስ መቅጣትም በቤታችን ቀርቷል፤ በዚህ ላይ ከልጆቼ ጋር ምንም ልዩነት የለኝም።

ልዩነት ያለን በጉርሻ ላይ ነው። ልጄ ሕፃኗ በገዛ እጇ እየበላች መልመድ አለባት፣ በቃኝ ስትል መታመን አለበት ትላለች፤ እኔ ደግሞ ጉርሻ ሆድ መሙያ ብቻ አይደለም፣ ፍቅር መግለጫ ነው እላለሁ። ሁለታችንም ያልነው እውነት ስላለው ማዕድ ሲቀርብ የልጅ ልጄ በራሷ ትበላለች፤ እኔ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ አጎርሳታለሁ፤ እርሷም በተራዋ ታጎርሰኛለች።

በመጪው መስከረም አፀደ ሕፃናት ትገባለች። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ፤ በሌሎቹ ቀናት አባቷ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ልጄ «እማዬ፣ ሁለተኛ ብንወልድስ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ ታክሲ ተጋፍቼ መምጣት ጉልበቴ እንደማይፈቅድ፣ የአራስነቱን ጊዜ ግን ሙሉ በሙሉ እኔ እንደምይዘው፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን መቁጠር እንደሚችሉ ነገርኳት። የቀረውን ከባለቤቷ ጋር መክራ እንደምትነግረኝ ተስማማን።